ማገጡ ከአጥሩ ማዶ ነው

ዱዊ፣

ዛሬ እዚህ አላድርም። ምድጃው ላይ እንጨት ጨምሬበታለሁ።

ነገ የአደን ወቅት ይከፈታል፤ አንተም እንደ አምናው የአደን ማማዬ ላይ ትወጣለህ። ውጣ። መሰላሉን አጥብቄልሃለሁ። ወድቀህ እንድትሰበር አልፈልግም፤ ቁጭ ብለህ እንድታይ ነው የምፈልገው።

አምና እኔ ዱሉዝ ከተማ ሄጄ እናቴን ስቀብር፣ ከግልገልነቱ ጀምሮ ዓይኔን ያልነቀልኩበትን አጋዘን ገደልክ። ስመለስ ቀንዱን ከምበላበት ጠረጴዛ በላይ ሰቅለህ ጠበቅከኝ። "የአክስቴ ልጅ፣ አጋዘን እኮ ቀብር እስኪያልቅ አይጠብቅም!" ብለህ ጓደኞችህን አሳቅክብኝ። ከቀንዱ ሥር ተቀምጬ እራቴን በላሁ። ይቅር ያልኩህ መሰለህ።

አንተንም ያሳደገችህ እናቴ ነበረች።

ዘንድሮ በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ ስለፋ አይተሃል። አጋዘን የሚወደውን የማገጥ ሣር ዘራሁ፣ ቅርንጫፍ መለመልኩ፣ አጋዘኖች የሚልሱት ጨው ተሸከምኩ። አንተ ሶፋው ላይ ተጋድመህ "በርታ፣ ላይል! ለሁለታችንም ነው!" ትለኝ ነበር። የት እንደዘራሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም።

የዘራሁት ከአጥሩ ማዶ፣ በጎረቤታችን በአሮጊቷ በኢርማ መሬት ላይ ነው። እዚያ እንዳድን የፈቀደችው ለእኔ ብቻ ነው፤ አንተ አጥሯን ከተሻገርክ ሸሪፉን ትጠራለች። ቅጠል መርገፍ ከጀመረ ወዲህ አንድም አጋዘን ወደ ማማው ዝር አላለም። ከማማው ላይ ሆነህ ግን ሁሉም ቁልጭ ብለው ይታዩሃል። እኔም እታይሃለሁ።

ቴርሞስህ ውስጥ ሾርባ አድርጌልሃለሁ። እናቴ ለአንተ ትሠራው የነበረው ነው። እስኪመሽ ድረስ ስለምትቀመጥ ቀስ እያልክ ጠጣው።

ላይል