ክዳኑ የሚገፋው ቤት

ለምሳሳልህ ልጄ ለገብረ ሕይወት፤ ካርኮቭ።

ሰላምታዬ ከብቸና ተነሥቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ባሕሩንም አልፎ እደጅህ ይድረስ። እንደምን ከርመሃል ልጄ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካህ የሚያፍንህ ሳል ተወህ ወይ? በረዶው ቀለለላችሁ? የዚያ አገር ምግብ ለሆድህ ተስማማው? እኔ እናትህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ዓይኔም ፊደል ይለያል። እኅትህ ይርጋነሽ ደኅና ናት፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ውጤት ትጠብቃለች። ላሚቱ ወልዳለች። ዝናቡም በጊዜው ገብቷል።

ይህ ደብዳቤ በጓደኛህ በአካለ ወልድ ስም የመጣው ተሳስቼ አይደለም። ይርጋነሽን አማኑኤል ከተማ ድረስ ልኬ አድራሻውን ከእናቱ አስመጥቼ ነው። አካለ ወልድ ልጄ፣ ደብዳቤውን ማታ አትስጠው። ጎህ ሲቀድ፣ ትምህርት ሳትሄዱ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ ስጠው። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን በወረቀት እንደማይነገር አንተም ታውቃለህ። ወገን ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ፣ ክንድ ይዞ ነው የሚነገረው። እኔ እዚያ የምልከው ወገን ስለሌለኝ አንተን ወገን አድርጌሃለሁ።

ገብረ ሕይወት፣ አሁን እጅህን ለአካለ ወልድ ስጠው። ወንድምህ ሣህለ ማርያም የለም። ጥር ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት አረፈ፤ በዚያው ቀን ከአባትህ ጎን ቀበርነው። አልቅስ ልጄ። ወንድ ነኝ ብለህ አትያዘው። ሲወጣልህ የቀረውን አንብብ፤ የቀረውም ከዚህ አይቀልም።

ከሞተ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፈህልናል። «ሣህሉ ለምን በእጁ አይጽፍልኝም?» ስትል እኔ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ መለስሁልህ። ይርጋነሽ «እማዬ፣ ውሸት እኮ ነው» ብትለኝ «ፈተናውን ይጨርስ» አልኋት። ግንቦት ላይ የመጣው ደብዳቤህ ግን «ጅራታሙን ኮከብ አያችሁት? ቤቱስ አለቀ? ክዳኑ ተገፋ?» ይላል። ያን ካነበብሁ በኋላ መዋሸት አቃተኝ። ይርጋነሽ እኔ ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ ሣህሉ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አስቀምጦ «ሀ በይ እማዬ» ያለኝ እሱ ነው። የሱን ነገር በሌላ ሰው እጅ አላስጽፍም። ቀስ እያልሁ ስለምጽፍ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

የቤቱን መነሻ ታውቀዋለህ። ይህ ኮከብ በሰባ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፣ በሰባ ስምንት መጋቢት አገራችን ላይ ደኅና ሆኖ ይታያል ብለህ የጻፍህለት አንተ ነህ። ለኮከብ ማያው መነጽር የሚሆነውንም መስተዋት በጥጥ ጠቅልለህ በተመላሽ ተማሪ እጅ ላክህለት። ያን ዕለት ወንድምህ እህል አልቀመሰም። የመነጽሩን ቱቦ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ አስጠቀለለ። ከዚያ መነጽሩ በየቀኑ ከወጣና ከገባ ይዛባል፣ የራሱ ቤት ያሻዋል አለና ጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ፣ መሠረት ቆፈረ።

ክብ የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከትከሻዬ አያልፍም። ምሰሶ በሚቆምበት መሃል ላይ ወፍራም የድንጋይ ዓምድ ገነባ፤ መነጽሩ የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ዓምዱን ከወለሉ ጋር አላያያዘውም፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ሰው ሲረግጥ ኮከቡ እንዳይንቀጠቀጥ ነው አለኝ። ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኖ በኩሽኔታ እየተንከባለለ እንደ መሳቢያ ወደ ጎን እንዲገፋ አስቦ፣ ሁለት ረጃጅም አጣና ከግድግዳው አልፈው እንዲወጡ አደረገ። አገር ሳቀበት። «ሣህሉ፣ ይህ ቤት ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?» ሲሉት «የደመና ማስጫ ነው» ይላቸዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር መጥቶ «ወደ ላይ የሚያይ ቤት በማን ፈቃድ ነው የሚሠራው?» አለው። ሣህሉ ያንተን ፖስታ ከነቴምብሩ አሳየው። ሰውየው አገላብጦ አየና «ከሶሻሊስት አገር ከሆነማ ይሁን፤ ብቻ የሰው ጓሮ እንዳታይበት» ብሎ ሄደ። ቆርቆሮ ግን ወረፋ ነው ተብሎ ሳያገኝ ቀረ።

ጥቅምት ላይ ሞጣ አስተማሪ ስለ ጎደለ እስከ ጥር ድረስ በውሰት ሰጡት። ሲሄድ በቤቱ አናት ላይ ላስቲክ ወጠረና «እማዬ፣ ክዳኑን ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አለኝ። ማንም ሲል እኔንም መጨመሩ አልገባኝም።

ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ላስቲኩን ነፋስ ገነጠለው፤ ጭቃው መርገፍ ጀመረ። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ አፍሬ ነበር። ባሏ በሞተባት ሴት ጓሮ ክዳን የሌለው ቤት ሲቆም ሰው የሚለውን አታጣውም። ልጄ ሲመጣ አልቆ ይቆየው፣ ደስ ይበለው አልሁና ጠላ ጠምቄ ደቦ ጠራሁ። ሰንበሌጥ ታጨደ። ክዳን የሚከድነውን ጎረቤታችንን ኃይለ ጊዮርጊስን ለመንሁት።

ኃይለ ጊዮርጊስ ገብቶ ዓምዱን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ ባንቺዓለም፣ ምሰሶውን የት ላቁመው? መሃሉን ድንጋይ ይዞታል። ምሰሶ የሌለው ቤት ባርኔጣ ነው እንጂ ቤት አይደለም» አለኝ። «ባርኔጣም ቢሆን ዝናብ ይመልስ» አልሁት። እያጉረመረመ ከደነው። የወጡት ሁለት አጣናዎች ትርፍ መስለውት በመጋዝ ቆረጣቸው፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልሁ። በአናቱ ላይ አሮጌ ገንቦ ጉልላት አድርጎ ደፋበት። ሲወርድ ላቡን ጠረገና «ስሚኝ፤ ይህ ዝናብ ይችላል፣ ሰው ግን አይችልም። ማንም እንዳይወጣበት። ሣህሉ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ይህን ንገሪው» አለኝ። እሺ አልሁ።

ጥር ሃያ ሁለት ቀን ወደ ማታ ሣህሉ በጭነት መኪና ላይ ሆኖ መጣ፤ ቆርቆሮውን ይዞ። ሳሊህ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ልጁን ስላስተማረለት ስድስት ቅጠል ቆርቆሮና ከአሮጌ መኪና የወጣ ኩሽኔታ ሰጥቶታል። «ኮከቡን ስታገኘው ከሞጣም ሰላም በልልን» ብሎ ነው የሸኘኝ እያለ ይስቃል። ዕቃውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ጓሮ ዞረ። ደስታውን ለማየት ተከተልሁት። ጉልላቱን አየ። የተቆረጡትን አጣናዎች አየ። ከዚያ ትከሻዬን አቅፎ «እማዬ፣ ሰማዩን ከደንሽብኝ እኮ» አለኝና ሳቀ። ጥፋቴ ያን ጊዜ ገባኝ። ማልቀስ ስጀምር «ምን ያስለቅስሻል? የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሣሩን ላሚቱ ትተኛበታለች፣ በገንቦውም አበባ ትተክይበታለሽ» አለኝ። እግሩን አጠብሁት፤ አበላሁት። ስለ ሞጣ ሲያወራኝ፣ እኔም ፊት ፊቱን ሳይ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ያለኝን ረሳሁት።

ረሳሁት። ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ነው ሦስት ቀን የፈጀብኝ።

በማግሥቱ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ተኝቶ ነበር። ስመለስ ውሻው ይጮኻል። ጉልላቱን ሊያወርድ ወጥቶ፣ ክዳኑ ወደ ውስጥ ተደርምሶ፣ ገዛ እጁ በካበው ዓምድ ላይ ወድቋል። ገንቦው ሣር ላይ አርፎ አልተሰበረም። አንድ ጊዜ «እማዬ» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

በለቅሶው ሰው ሁሉ ማን ነው የከደነው ይል ጀመር። ኃይለ ጊዮርጊስ በሕዝቡ መሃል ቆመና «ማሠሪያዬ ነው የላላው» አለ። ወደ እኔ አላየም። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁና ዝም አልሁ። ከልጄ ሞት ቀጥሎ የሚያቃጥለኝ ያ ዝምታዬ ነው። ቀበሌ አስጠርቶ ሁለት ቀን አሳደረው። ክዳን በሚከደንበት ወራት አንድ ሰው እንኳ ለሥራ አልጠራውም። በመንገድ ሲያልፍ ልጆች «አጥብቀህ እሠር!» እያሉ ይጮኹበታል። እሱ አንድም ቀን «ነግሬያት ነበር» አላለም። አርባ ቀን ሙሉ የኔን ተሸክሞ በደጄ አለፈ፤ እኔም አየሁት።

አርባው መጋቢት ሁለት ዋለ። ሣህሉን በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት የኔታ ገብረ ኪዳን ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰው ዳስ ውስጥ ንፍሮውን ይዞ ሲቀመጥ ተነሥቼ ቆምሁ። «ማሠሪያው አልላላም። ሰው እንዳይወጣበት ኃይለ ጊዮርጊስ ነግሮኝ ነበር። ለልጄ ሳልነግረው የቀረሁ እኔ ነኝ» አልሁ። ከሴቶቹ አንዷ «ኀዘን ነው የሚያናግራት» አለች። ኃይለ ጊዮርጊስ ራሱን ደፍቶ «ተይ እትዬ፣ ተይ» ይለኛል። የኔታ ግን «እውነት ስትናገር ኀዘን ነው አትበሏት» ብለው ገሠጿቸው። ወደ እኔም ዞረው «ቆመሽ ተናገርሽ፤ አሁን ተቀምጠሽ አልቅሺ» አሉኝ።

አልተቀመጥሁም። ጓሮ ሄጄ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሣር ከጠርዙ በእጄ እየሳብሁ ማውረድ ጀመርሁ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ «ሂጂ ወዲያ! ይህ የሴት ሥራ አይደለም። መሰላሉን አምጡ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። የከደኑት ሰዎች ሁሉ ተከትለውት መጡ። የወንድምህ ተዝካር ደቦ ሆነ። የቆረጣቸውን አጣናዎች በአዲስ ተካ። ሣህሉ በደብተሩ የሣለውን ይርጋነሽ እያሳየችው ቆርቆሮውን መታ፣ ኩሽኔታውን ገጠመ። በአራተኛው ቀን ክዳኑ ተገፋ። ሲገፋ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይላል።

በማግሥቱ ዶሮ ሲጮኽ እኔ፣ ይርጋነሽና የኔታ ገባን። ኮከቡ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወጥቶ ነበር፤ ከባዘቶ ላይ ተስቦ የቀረ ጥጥ ይመስላል። መስተዋቱን ከጥጡ አላወጣነውም፤ የሚያውቅበት የለምና በባዶ ዓይናችን አየነው። ሰዉ የሞት ምልክት ነው ይላል። የኔታ ግን ብዙ ቆመው አዩትና «ይህስ ቀጠሮውን የሚያውቅ እንግዳ ነው። የቀረው ባለቤቱ ነው» አሉ። ይርጋነሽ «ከሞጣም ሰላም ብለውሃል» አለችው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቆርቆሮው ሳይመታ ወለሉን ስጠርግ ከዓምዱ ሥር ከጠፍጣፋ ድንጋይ የተሠራች እርከን አገኘሁ። ስንዝር ትሆናለች። ለምን እንደ ሠራት አልገባኝም፤ ሣህሉ ረጅም ነው፣ አያስፈልገውም። ጭቃዋን በጨርቅ ስጠርገው በምስማር የተጫረ ጽሕፈት ወጣ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ አነበብሁት። «የእማዬ መቆሚያ» ይላል።

እስከ ዛሬ አልቆምሁባትም።

ልጄ፣ ይቅርታ በወረቀት አልጠይቅህም፤ እሱም እንደ መርዶ ፊት ለፊት ነው። ብትቆጣኝ ይገባሃል። አልጽፍላትም ብትልም አልቀየምህም፤ ደኅንነትህን ግን በአካለ ወልድ በኩል አሰማኝ። ትምህርትህን በእኔ ምክንያት አታቋርጥ። ጨርሰህ ስትመጣ መስተዋቱን ከጥጡ የምታወጣው አንተ ነህ። ያን ቀን እጄን ይዘህ በድንጋይዋ ላይ ቁሚ ካልኸኝ እቆማለሁ። አይገባሽም ካልኸኝም መሬት ላይ ሆኜ ክዳኑን እገፋልሃለሁ።

እኅትህ ይርጋነሽ ዓይንህን ትስማለች፤ የወንድምህን ደብተር አንድ ቅጠል ሳይጎድል ይዤልሃለሁ ትልሃለች። የኔታ ገብረ ኪዳን እግዚአብሔር ያጽናህ ብለውሃል፤ በጸሎት ያስቡሃል። የሞጣው ሳሊህ ሰምቶ መጥቶ፣ ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጦ ተመልሷል፤ ሰላምታውን ልኳል። ኃይለ ጊዮርጊስ ሰላም በይልኝ ለማለት አፍሮ በር ላይ ቆሟል፤ እኔ ብዬልሃለሁ። አሁን ሥራ አግኝቷል። አካለ ወልድ ልጄ፣ እጁን ስለ ያዝህልኝ ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እናትህ ባንቺዓለም
ብቸና፣ ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.