«ፀሐይ» የሚባል ንግድ ቤት የለኝም

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ጉዲቱ ነገሬ

ጉዳዩ፦ ከቤቴ ጣሪያ ላይ «የማስታወቂያ ሰሌዳ» እንዳነሳ የተሰጠኝ ትእዛዝ እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣ ከአቤቱታዬ በፊት ደስታዬን ልንገርዎት። ደስታዬን ካላወቁ ጭንቀቴም አይገባዎትም። ባለቤቴ አቶ ያደሳ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ተመስገን ነው።

1. ባለቤቴ እዚሁ ኮልፌ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቫርኒሽ ሲረጩ ኖረው ሳንባቸው ተጎድቷል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን ማሽን መኖር አይችሉም ብለው ወደ ቤት መለሱን። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። የሰፈራችንን መብራት ደግሞ ያውቁታል፤ ሲመጣ እንግዳ ነው፣ ሲሄድም አይሰናበትም። ሲጠፋ ትራስ ደራርቤ ቀና አደርጋቸውና በካርቶን አራግብላቸው ነበር። ከንፈራቸው ሲጠቁር ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ታክሲ ፍለጋ አስፋልት እንወጣ ነበር።

2. አቶ አምሐ የሚባሉ፣ ባለቤቴ በሕክምና ላይ የተዋወቋቸው የዘነበወርቅ ሰፈር ሰው፣ ተመሳሳይ ማሽን ነበራቸው። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ በነጋታው ሲመጣ ማሽኑ ተነሣ፤ እሳቸው አልተነሡም። ከቀብር ስመለስ ባለቤቴ «ጉዲቱ፣ ተራው የኔ ነው» አሉኝ። «ይተዉ እንጂ፣ እኔን ጥለው የት ሊሄዱ!» ብዬ ሳቅኩባቸው። ጓሮ ሄጄ ግን አለቀስኩ።

3. እቁቤ ሲወጣልኝ ሶላር ለማስገጠም ወሰንኩ። ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ አስቀድሜ በጽሑፍ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ሶላር» የሚለው ቃል ለመንግሥት ደብዳቤ አይመጥንም ብዬ «በጣሪያዬ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ እንድሰቅል ይፈቀድልኝ» አልኩ። መልስ ጠብቄ ጠብቄ ጠፋ። የባለቤቴ ሳንባ ግን መልስ አይጠብቅምና አስገጠምኩት።

4. ከተገጠመ በኋላ መብራት የጠፋ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ «ሄደ!» ሲል፣ የእኛ ማሽን ግን ማንኮራፋቱን አላቋረጠም። ክቡር ኃላፊ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቴ ሸዋገነት እየሮጠች መጥታ «አንቺ ሴትዮ፣ መብራት ሲጠፋ የሚደግስ ሰው ዛሬ አየሁ! ምን ወለድሽ?» አለችኝ። «ያደሳን!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚነፍሰው አቧራ ሶላሩን ሲሸፍነው መሰላል ላይ ወጥቼ እየዘፈንኩ እወለውለዋለሁ።

5. አሁን የደረሰኝ ደብዳቤ ግን «“ፀሐይ” የተሰኘ ንግድ ቤት የሚያስተዋውቅ ሰሌዳ ያለ ፈቃድ ሰቅለው ስለተገኙ፣ እስከ መጪው ሰኞ ካላነሱ በደንብ አስከባሪዎች ይነሣል» ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቢሮ ሄጄ ሳስረዳ ሠራተኛውም ሳቀ። ከዚያ «እናት፣ ነገሩ ገብቶኛል። ግን ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት ወጪ ሆኗል፤ እኔ መሻር አልችልም። ካልሆነ በፀሐይ ስም ንግድ ፈቃድ ያውጡና ሰሌዳውን ሕጋዊ ያድርጉት» አለኝ። እሱ የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አይቀልድም።

6. ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣ አንድ ባለሙያ ልከው ጣሪያዬን እንዲያስመረምሩልኝና ትእዛዙ እንዲሰረዝልኝ ነው። በላዩ አንድ ፊደል ተጽፎበት ቢገኝ በገዛ እጄ አወርደዋለሁ። ንግድ ቤትም የለኝም፣ ፀሐይ የምትባል ሸሪክም የለችኝም፤ ያለችኝ ያቺ የሁላችንም የሆነችው ናት።

7. ይህ አይቻልም ከተባለና ሰኞ መነሣቱ የግድ ከሆነ ደግሞ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ይሁንልኝ። ሰዎቹ ገመዱን ከመቁረጣቸው በፊት በሩን ያንኳኩ፤ ባለቤቴ ከውስጥ ናቸው። ማሽኑን ወደ ቆጣሪው መስመር እስካዞረው ድረስ ብቻ ይጠብቁኝ።

የሐኪም ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰኞ በፊት ቃልዎን እንደሚያሰሙኝ ተስፋ በማድረግ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ጉዲቱ ነገሬ
(ፊርማ)