የቀላው የጽዋ ልብስ

ጥቅምት 11

ዛሬ ለስምንተኛ «ለ» አሲድና ቤዝ ጀመርኩ። በቃል። «አሲድ ሰማያዊ ሊትመስን ወደ ቀይ ይለውጣል፤ ቤዝ ቀዩን ወደ ሰማያዊ።» ሃምሳ ስምንት አፍ በአንድ ድምፅ ደገመው። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ሊትመስን በዓይኔ ያየሁት ግን ኮሌጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን... እሱንም በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ። ቤተ ሙከራ አለን። ተቆልፏል። ውስጡ እግራቸው የወለቀ ወንበሮች ያርፋሉ።

ነገ ሚካኤል። የጽዋ ማኅበሩ ተራ የአከራዬ የእትዬ ዘመናይ ነው። ተጠርቻለሁ። አዘዞ ውስጥ ተከራይ መሆን አንዳንዴ ማዕረግ ነው።

ጥቅምት 12

ማኅበሩ ሸጋ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው አያ ሀዳነ፣ ምርቃቱን አስረዘሙት። ጽዋው ነጭ ልብሱን ለብሶ አጠገቤ ተቀምጧል። እትዬ ዘመናይ መጥተው አጎረሱኝ። ጉርሻ አይባልም፣ ሸክም ነው። ከአፌ የተረፈው አልጫ ጠብ አለ... የት? የጽዋው ልብስ ላይ።

ማንም አላየም። እኔ አየሁ። «አሜን» አልኩ፤ ምርቃቱ እዚያ ደርሶ ስለነበር።

በማኅበር መሀል «አፈሰስኩ» ብሎ የሚነሣ ሰው አለ? ጨርቅ ነው፤ ይታጠባል።

ጥቅምት 14

ጠዋት ጩኸት። የእትዬ ዘመናይ ምራት የትናየት የጽዋውን ልብስ በሳሙና ስታጥብ ቢጫው እድፍ ቀልቶ አረፈው። ደም ነው የሚመስለው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽበት?»

«ሳሙና ብቻ ነው እማማ፣ በሚካኤል!»

«ሳሙና ደም አለው እንዴ?»

ከአጥር ማዶ አንዷ ጎረቤት «ንጹሕ ሳትሆን ነክታው ይሆናል» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሳሙና ያነሣ የለም። የትናየት ከመካነ ብርሃን ተድራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። እዚህ የሚሟገትላት ዘመድ የላትም።

እኔም ወጥቼ አየሁ። አገጬን ያዝኩ። «የጨርቁ ቀለም ለቆ ይሆናል» አልኩ።

«መምህር፣ ነጭ ጨርቅ የምን ቀለም ይለቃል?» አሉ እትዬ ዘመናይ።

ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ። ሰዓቱ ገና ነበር።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

አያ ሀዳነ መጡ። ጨርቁን በከዘራቸው ጫፍ አንሥተው መረመሩ። ፍርዳቸው ብልህ ነበር... ሲናገሩ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

«እድፍ ከሆነ ይለቃል። ቁጣ ከሆነ አይለቅም። ደጋግማችሁ እጠቡት። የዛሬ ሳምንት ወይንሸት ባለተራዋ ጽዋውን ልትረከብ ስትመጣ ካልነጣ፣ ልጅቱ ወደ አባቷ ትሂድ። ንስሐዋን እዚያው ትያዝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርስ ምን ይላል?»

«ልክ ነው አያ ሀዳነ። ሳሙናውን በርከት ያድርጉት።»

ሳይንስ ተናገረ። ሳሙናው በረከተ። የባሰ ቀላ።

ማለቅለቂያ ደግሞ የለም፤ ውኃ ከሄደ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ከነአረፋው ጨምቀው አሰጡት።

ባሏ ማንያዘዋል ሚኒባስ ነጂ ነው። ምን ትላለህ ቢሉት «እኔ ምን አውቄ፣ ማኅበሩ ያውቃል» ብሎ መኪናውን አስነሣ። እሑድ እኮ አይሠራም ነበር።

ጥቅምት 19

የትናየት ልብሷን ቋጥራ በር ሥር አስቀምጣለች። ስወጣ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ እድፉ መጀመሪያ ቢጫ ነበር። አንተ ጽዋው አጠገብ ነበርክ። አላየህም?»

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

ለምን? ስለ አንድ ጠብታ አልጫ? የሚካኤል ዕለት ጠብታ ነበር። አሁን ሳምንት ሙሉ የተቀመጠ ጠብታ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሲቆይ ይገዝፋል...

ጥቅምት 20

ውኃ አልመጣም። ርዕሰ መምህሩ ግን ክፍሌ ድረስ መጣ። ሰኞ ተቆጣጣሪዎች አሉብን። «ትምህርቱ በተግባር ይሁን፤ በአካባቢ ቁሳቁስ።» ተማሪዎቹን «ከየማጀታችሁ የሚኮመጥጥ፣ የሚያሙለጨልጭና ቀለም ያለው ነገር አምጡ» አልኳቸው። ምን እንደማደርግበት? እግዜር ይወቅ።

ጥቅምት 22

አመጡ። ሎሚ፣ አቼቶ፣ የአመድ ውኃ፣ ሳሙና። ለቀለም አንዱ ቀይ ሥር፣ አንዱ አበባ። ዓይናዲስ፣ ከኋላ ወንበር የምታንቀላፋዋ፣ በወረቀት ጠቅልላ እርድ።

«እርድ ምን ይሠራልናል?»

«ቀለም ያለው አላሉም ቲቸር?»

ብያለሁ። በጥብጠን ነጭ ወረቀት ቀባንበት። ሎሚ አንጠባጠበችበት። ቢጫው እንደ ቢጫነቱ ነው። የሳሙና ውኃ ጠብ አደረገች...

ቀላ። ደም መሰለ።

ክፍሉ ጮኸ። እኔ ጠመኔ ይዤ ቀረሁ።

«ቲቸር፣ ይጻፍ?»

«ቆይ። ሎሚ ድገሚበት።»

ተመልሶ ቢጫ።

አልጫ ውስጥ እርድ አለ። ሳሙና ቤዝ ነው። ያች ልጅ አጠበች እንጅ ምንም አልነካችም። ሳሙናውን በርከት ያድርጉት ያለው ማን ነበር? የሳይንስ መምህሩ። ሊትመስ የለም እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሳለቅስ እርዱን በየሳምንቱ ስበላው ኖሬያለሁ።

ጥቅምት 23

ለየትናየት ነገርኳት። እርዱን፣ ሳሙናውን፣ ሎሚውን። ጠብታውን አልነገርኳትም።

«በሎሚ ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

«እንግዲያ ዛሬ ማንም አይንካው። እነሱ ፊት ይሁን።»

እኔ ብሆን ሰው ሳያይ ዛሬውኑ ጨምቄበት እገላገል ነበር።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ሁሉም ተሰብስበዋል። ማንያዘዋል እንኳ አለ፤ በሩ ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ። የትናየት ሎሚውን ቆረጠች። እጇ ጸጥ ያለ ነው። ጨመቀችበት። ቀዩ ሸሸ፤ ቢጫው ብቅ አለ።

እልልታ ጠብቄ ነበር። አያ ሀዳነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሸጋ። ሎሚ ቀለም እንደሚለውጥ አየን። ግን ከሥሩ አልጫ መሆኑን ማን አየ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪዎቼ አንዱ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እርጉም ጥያቄ ነው።

እትዬ ዘመናይ ቋጠሮውን አዩ። የትናየት እኔን አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ ጠርጥራኝ ይሆን?

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን ነው አንተ የሆንክ?» አሉ እትዬ ዘመናይ።

«ያፈሰስኩት። ከጉርሻዎ፣ እትዬ። የሚካኤል ዕለት።»

«አንተ! አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሳሙና ሳስጨምር» አልኩ። የሚያስቅ መስሎኝ። ማንም አልሳቀም።

አያ ሀዳነ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «በሉ፣ ንስሐው ወደ መምህሩ ይዛወር» አሉ። በዚህኛው ሳቁ። ወይንሸት ጽዋውን በሌላ ልብስ ሸፍና ወሰደች።

«ፍችው እንጅ ልጄ» አሉ እትዬ ዘመናይ፣ ቋጠሮውን እያሳዩ።

የትናየት አልፈታችውም።

ጥቅምት 25

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። የእርዱን ሙከራ አሳየናቸው፤ አጨበጨቡ። በአካባቢ ቁሳቁስ ሙሉ ነጥብ ሰጡን። ሊትመስ ስለሌለ ቀነሱብን።

ጥቅምት 30

ሐሙስ ውኃ መጣ። ትናንት ቋጠሮው ተፈታ። እንዲሁ አይደለም፤ የትናየት ሁለት ነገር ጠይቃ ነው። አንደኛው ለእትዬ ዘመናይ፦ ከአጥር ማዶዋ ሴት ቤት በጠራራ ፀሐይ ሄደው እድፉ አልጫ መሆኑን እንዲነግሯት። ሄዱ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለልቅሶ እንደሚሄድ ሰው።

ሁለተኛው ለማንያዘዋልና ለእኔ። እስከ ሰሞኑ የኔም ሸሚዝ ከሱ ልብስ ጋር በሷ እጅ ነበር የሚታጠበው። ከእንግዲህ የሁለታችንንም አትነካም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እኔና ማንያዘዋል ጓሮ ውስጥ አንድ ሳፋ ከበን ቁጢጥ ብለናል። አላፊው በአጥር እያየ ይስቃል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፌን ታነባለች። ሳትለምን ነው ያነሣችው፤ ከመስኮቴ።

«መምህር።»

«አቤት።»

«አመድም ቤዝ ነው ይላል።»

«ነው።»

«እንግዲያ ድሮ ሳሙና ሳይኖር፣ በአመድ ስታጥብ አልጫው የቀላባት ሴትስ? ምን ብለዋት ይሆን?»

ማንያዘዋል ቀና ብሎ አየኝ። እሱም መልሱን ከኔ ይጠብቃል።

«አላውቅም» አልኩ።

ገጹን ገለጠች። «በል እሸው። ኮሌታው አልጠራም።»