ውሃ የሚተኛበት ወለል

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ እዚህ ሞካ ደህና ነን። እኔን ጉልበቴን ያመኛል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ። እናትሽ ትበላለች፣ ትቆጣለች፤ እግሯ ግን ገና ከጀሶ አልወጣም።

የጻፍኩልሽ በአባ ኡልፒያኖ ጉዳይ ነው። «የእናቴን እግር የሰበረው የቤተ ክርስቲያንዎ ደረጃ ነው» ብለሽ በስልክ እንደተቆጣሻቸው ሰማሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ፊት እጄን ይዘው ይቅርታ ጠየቁኝ። ደረጃውንም አስፈርሰው ሊያሠሩት ነው። እኔ ባርኔጣዬን ጨብጬ ወደ ቤቴ መጣሁ። ልጄ፣ ያ ደረጃ ምንም አልሆነም። ሄጄ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ሻካራ፣ ደረቅ ድንጋይ ነው።

የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ራሴ እንዳነጠፍኩት ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን ፌዮ፣ እንጀራው ይኸው ሥራ ነውና፣ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ወደ ውሃ መውረጃው ትንሽ ዘንበል ያድርጉት እንጂ! ሴቶቻችን ወለል የሚያጥቡት ባልዲ እየደፉ ነው፤ ውሃው የት ይሂድ?» አለኝ። «በእኔ ቤት ጠማማ ነገር አይነጠፍም፤ ሂድና የራስህን አጣምም» ብዬ አባረርኩት። «እንግዲያው ዳክዬ ያርቡበት!» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

በእያንዳንዱ ሴራሚክ ላይ ውሃ ልክ እያስቀመጥኩ ጨረስኩት። መገጣጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ሞልቼ በእርጥብ ስፖንጅ ስጠርገው ወለሉ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነበር። ኮራሁ። እናትሽ «ውሃው ይተኛል እኮ» ስትለኝ «መወልወያ የለሽም?» አልኳት።

ቅዳሜ እንደ ልማዷ በሳሙና አጠበችው።

ሐኪሙ የት እንደወደቀች ሲጠይቃት፣ እኔን ሳታይ «ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ» አለች። እኔም አላረምኳትም።

ወለሉን በመዶሻ አፈረስኩት። ከዚያ ፌዮ ቤት ሄጄ አስተምረኝ አልኩት። «ዳክዬዎቹስ ደህና ናቸው?» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠና መሣሪያውን አንስቶ ተከተለኝ። እሱ እያሳየኝ፣ እኔ ተንበርክኬ፣ ሻካራውን ዓይነት ሴራሚክ ወደ መውረጃው ዘንበል አድርጌ አነጠፍኩት። የመገጣጠሚያው ሲሚንቶ ሲደርቅ እናትሽ ወንበሯን በሩ ላይ አስደረገችና «በል ድፋ፣ አንተ ሰውዬ!» አለችኝ። ባልዲውን ሙሉ ደፋሁት። ውሃው አንድም ቦታ ሳይቆም ሄደ። እሷ ግን የምታየው ወለሉን ሳይሆን እኔን ነበር። «ለአባስ ምን ልትላቸው ነው?» አለችኝ።

በመጪው እሁድ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ሕዝብ ፊት ነው ይቅርታ የጠየቁኝ፤ እኔም ሕዝብ ፊት ነው የምናገረው። ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ አስቀደምኩሽ። እናትሽን አደራ እንዳትቆጪያት። ስትመጪ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢበት፤ አያንሸራትትም።

እግዚአብሔር ደጅሽን ይጠብቅ፤ ልጆችሽን ከመውደቅ፣ ሲያድጉም ከእልኸኛ ሰው ይሰውርልሽ።

አባትሽ