ስድስት ደምር

ውድ ሀፊዝ፣

የጅግጅጋ ነፋስ እንዴት ነው? ያንን ቀጭን አንገትህን ወሰደው ወይስ አለህ?

ስልክህ አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ስምህን ከፍቼ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። በስልክ ከሆነ እንደምቀልድ አውቃለሁ፤ ቀልጄም አመልጣለሁ። ወረቀት ላይ ግን ራሴ ቀልጄ ራሴ ስቄ የት እደርሳለሁ? የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለህ፤ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሑፍ ነው፣ ኤረር ካገኘህ አርመህ አንብበው።

አሁን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ፈረስ መጋላ፣ ከኮምፒውተር ሱቃችን ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። አለቃችን ጋሽ ኒቆዲሞስ ሁለት ተኩል ላይ መጥተው ይከፍታሉ፤ የእኔ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ግን ዛሬ ልከፍትበት አልደፈርኩም። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሥራ ያመለከትክበት የመድኃኒት አከፋፋይ ከጅግጅጋ ይደውልላቸዋል። ትናንትም ደውለው ነበር፤ አጠገባቸው ነበርኩ። «ይህ ሀፊዝ የሚባል ልጅ እምነት ይጣልበታል ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። ጋሽ ኒቆዲሞስ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ደውሉልኝ፣ አስቤ እመልሳለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ልበላቸው ሚኪያስ? ልጁን እወደዋለሁ። ግን የመድኃኒት ነገር ነው፤ መዋሸት አልችልም።»

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «አዎ ጋሼ፣ ከባድ ነው።» ጋቢ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ሽማግሌ ሆኜልህ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰዓት አለኝ። ለአንተ ጽፌ ካልጀመርኩ ለሳቸው አፌ እንደማይከፈት ስለማውቅ ነው ወረቀት ያወጣሁት።

ያን ሰሞን ሰዓቱ እንዴት እንዳሳበደን ታስታውሳለህ? ለባለ ፋርማሲዋ ለሐዲያ የመድኃኒት ፍሪጅ የሚጠብቅ ፕሮግራም ስንሠራ፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ ሐዲያ ደግሞ እንደ ሰው ከጠዋት ትጀምራለች። አንተ ወረቀት ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጠፍክ። እኔ ወረቀቱ ላይ ጺም ሣልኩበት።

«ዋርያ ሚኪ፣ ሰዓት ስትጽፍ መጀመሪያ ጮክ ብለህ ለራስህ ተናገር። ከዚያ ስድስት ደምር።»

«እኔ የሒሳብ ችግር የለብኝም።»

«ታዲያ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ምን አስወጣህ?»

«አስተማሪው እኔን መቻል አቅቶት።»

ኮዱ እምቢ ሲለን ወደ ፊልም እንዞራለን። ያ ፊልምህ! «ጎማዬን ያያችሁ»! አዳራሹ ውስጥ እስከ መጨረሻው የቆያችሁት አንተና ወንበር የሚጠርገው ሰውዬ ብቻ ነበራችሁ።

«አቦ፣ ሰው እንዴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎማ ሲፈለግ ያያል?»

«ጉዳዩ ጎማው አይደለም'ኮ።»

«ርእሱ ጎማዬን ያያችሁ ነው፣ ሀፊዝ!»

«ወላሂ አልገባህም። አንተ መኪና ካልፈነዳ ፊልም አይመስልህም።»

የፊልሙ ሹፌር መኪናው በተበላሸ ቁጥር የሚላትን ቃል አንተም በሄድክበት ትላት ነበር። ሰርቨሩ ሲወድቅ፣ መብራት ሲሄድ፣ የሦስት ቀን ሥራችን ሳናስቀምጠው ሲጠፋ፦ «ምንም አልሆነም፤ ሻይ እንጠጣ።» እኔም በዚህች አረፍተ ነገር ልቀጣህ ወሰንኩ።

ሀፊዝ፣ የሚቀጥለውን ታውቀዋለህ። ከእኔ አፍ ግን ሰምተኸው አታውቅም።

ፍሪጁ ውስጥ ያለችው መለኪያ ቅዝቃዜው ከልክ ሲያልፍ ለሐዲያ ስልክ «ፍሪጁ ከልክ በላይ ቀዝቅዟል፣ ቶሎ ድረሺ» ብላ ትልካለች። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም እንደማይረባ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከኢሻ ሶላት መልስ፣ ትርፏን መለኪያ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ እየነከርክ ትፈትናለህ። ሐሙስ ዕለት አንተ ከወጣህ በኋላ ኮዱን ከፈትኩት። ከምሽቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የሚወጣው መልእክት ሁሉ ወደ አንተ ስልክ ብቻ እንዲሄድ፣ ጽሑፉም «ምንም አልሆነም፤ ሻይ እንጠጣ» እንዲሆን አደረግሁ። ሌላ ነገር አልነበረም። አንተ ብርጭቆህን ይዘህ ስትበሳጭ ከጀርባህ ልስቅ።

ምሽት ነው ብዬ ሁለት ላይ ዐሥራ ሁለት ደመርኩ። ዐሥራ አራት። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ዐሥራ አራት ማለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ስድስቱን አልደመርኩም። ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ተለጥፎ ነበር'ኮ፣ ጺሙም እንዳለ። ደግሞ በትክክል ብጽፈውስ? በየምሽቱ ለአንድ ሰዓት የሰው መድኃኒት ያለ ጠባቂ ይቀር ነበር። ይህን ያሰብኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ዓርብ ሐዲያ ለጁምዓ ፋርማሲውን ዘግታ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጁ ማብረዱን አላቆም አለ። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መለኪያዋ ስድስት ጊዜ ጮኸች። ስድስት ጊዜም ለአንተ ሻይ እንጠጣ አለችህ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ውስጥ አራታችን እንዴት ቆመን እንደነበር ዐይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ሐዲያ አንዱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለእኔ የደረሰኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሮጬ ስደርስ ጠርሙሶቹ በረዶ ሆነዋል። የቀደመው አንድ ሰዓት የት ሄደ?»

አንተ ስልክህን አወጣህ። አነበብክ። ቀና ብለህ እኔን አየኸኝ። ሀፊዝ፣ አስተያየትህን አልረሳውም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ ነው የመጣው» አልክ። «ለሙከራ ያዞርኩትን ሳልመልሰው ቀርቼ። አየሁት፤ ችላ አልኩት።»

«እስቲ አሳየኝ» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ።

«አጥፍቼዋለሁ ጋሼ።»

አንተ! ፆም ሳይፈታ ውኃ መጠጣትህን እንኳ የማትደብቀው ሰውዬ ዋሸህ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ የአህያ ድምፅ ጭኜ ጋሼ «አንድ ቀልድ ድገምና በሩ ያውልህ» ብለውኝ ነበር፤ አንተ ደግሞ «በእኔ ጣሉት» ብለህ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ጫማዬን እያየሁ። አፌ ለቀልድ ሲሆን በር የለውም፣ ያን ዕለት ግን ተቆለፈ።

ሰኞ ዕለት የሐዲያ ደንበኛ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በመኪና ግርግር የሚሰፉት ጋሽ ሳህሉ ወደቁ። ሁለት ቀን ያለ ኢንሱሊን ቆይተው። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። አንተ ጠይቀሃቸው ጅግጅጋ ሄድክ። እኔ ሱቁ ውስጥ ቀረሁ፣ ወንበርህም ላይ ተቀመጥኩ።

ያንን የኮድ ፋይል እስከ ትናንት አልከፈትኩትም። ፈርቼ። ትናንት ግን ከስልኩ በኋላ ጋሼ «ፕሮግራሙን ለድሬ ጠያራ ጤና ኬላ ገልብጥ» አሉኝ። ከፈትኩት። የኔ ቀልድ የለችም። ቦታዋ ላይ ኮምፒውተሩ የሚዘላት፣ ሰው ብቻ የሚያነባት አንዲት መስመር አለች፤ የተጻፈችበት ቀን ያው ቅዳሜ ነው።

«ሚኪ፣ ስድስት ደምር።»

ስድብ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት? ሌሊቱን እንዳልተኛሁ እወቅልኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ፦ ያንን ፊልም ከሄድክ በኋላ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጎማው የተገኘ ቦታ ላይ አልቅሻለሁ። መኪና የሚፈነዳባቸው ፊልሞች ላይ ደግሞ ድሮም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው ስለሚወዳቸው ነው አብሬ የምጮኸው። ለማንም እንዳትነግር።

ጋሼ ከሐረር በር በኩል እየመጡ ነው። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተዋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ላጥፈው ነው፣ ቢበላሽ ይቅርታ። ልሂድ።

*

ተመለስኩ። አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። (ለኮምፒውተር ዐሥራ አምስት። አየህ?)

«ጋሼ፣ በሩን ሳይከፍቱ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ።

«ደግሞ ምን አደረግህ?»

«ዛሬ አይደለም። የዛሬ ሰባት ወር።»

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ላፕቶፔ ውስጥ የቀረውን የድሮውን ኮድ ከፍቼ ዐሥራ አራቷን አሳየኋቸው፣ ሻይዋንም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፈገግታው እንዴት እንደሄደ አልነግርህም።

«ሳህሉ ሲተኛ ጠይቀኸው ነበር?»

«ብርቱካን ይዤ ሄጃለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እሳቸው ሀፊዝን ሲራገሙ... እኔ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር።»

መነጽራቸውን አጥፈው በሩን ከፈቱ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ አነሱት። «ልጁ የታመነ ነው። ይህን ያህል የታመነ ሰው እኔም አላውቅም ነበር። ጥፋተኛው አጠገቤ ቆሟል፣ እሱ ይንገራችሁ» አሉና ስልኩን ሰጡኝ። ነገርኳቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቀልድ ሳልጨምር። ስጨርስ ሰውየው «ቅዳሜ ይምጣና እንነጋገር» አለ። ቅዳሜ ሂድ። ሰዓቱን በደንብ ጠይቃቸው።

ከዚያ ጋሼ የሱቁን ቁልፍ ተቀበሉኝ። «አሁን ሐዲያ ጋ፣ ቀጥሎ ሳህሉ ጋ። ከዚያ በኋላ ስላንተ አስባለሁ።»

ሐዲያ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «የሀፊዝን እናት ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ፊቴን አዙሬባታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሰባት ወር ሙሉ። ይህንን ማን ይመልስልኛል?» ከዚያ ፋርማሲውን ዘግታ ወጣች። ወደ ቤታችሁ አቅጣጫ ነው የሄደችው።

ጋሽ ሳህሉ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ሰሙኝ፤ ስጨርስ እግራቸው ቆመ። ከዚያ ተነሥተው ከላይ ከተሰቀለው መሀል አንድ ጥቁር ሱሪ አወረዱ። ያንተ ነው። ሊጠብብልህ ሰጥተሃቸው የሄድከው።

«ተናድጄበት አልነካሁትም» አሉ። «ሆስፒታል መጥቶ ይቅርታ ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ ነው ያዞርኩት። አንተ ቁጭ በል። ሳልጨርስ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል።»

ይኸው ቁጭ ብያለሁ። የምጽፍልህ ከሳቸው በርጩማ ላይ ነው። ይቅር በሉኝ ስላቸው ክር አስገባልኝ ብለው መርፌ ሰጥተውኛል፤ አስገብቻለሁ። ሱሪውና ይህ ደብዳቤ ነገ በመጀመሪያው መኪና አብረው ይመጣሉ። ጅግጅጋ ወፍረህ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ሥራዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ብቀመጥም ወንበርህ ላይ አልቀመጥም። የድሬ ጠያራውን ፕሮግራም ማንም ይሥራው ማን ያቺ መስመርህ እንዳትነካ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ።

ሀፊዝ፣ ምንም አልሆነም አልልህም። ሆኗል። ሻዩን ግን የጠራኸኝ ቀን መጥቼ እጠጣለሁ፤ በስንት ሰዓት እንደሆነ አንተ ጻፍልኝ፣ ስድስቱን እኔ እደምራለሁ።

ጫማውን እያየ የቀረው
ሚኪያስ
ሐረር፣ መኪና ግርግር