አፈ ቀላጤዬ ዝም ያለ ዕለት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃውን ስትወርጂ ግድግዳውን ያዝ እያደረግሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንደማታደርጊው ግን አውቃለሁ። እህቴና ልጆቿስ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለአፌ ያህል ብቻ ጽፌልሽ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ከልቤ ነው። ደኅና ነኝ፣ እማዬ።

ይህን ያህል ጊዜ ስልክሽን ያላነሳሁት ጨክኜብሽ አይደለም። ድምፄ ያስታውቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፤ መድረክ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው የምታታልለው ልጅሽ አንቺን ማታለል ችላ አታውቅም። አሁንም ደብዳቤ የመረጥኩት እስክጨርስ እንዳታቋርጪኝ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቃል ይጠፋኝ ጀመር። መጀመሪያ ልምምድ ላይ አንድ ሁለት ቃል፣ ቀጥሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የጎረቤቴ ስም፣ ቁልፌን ያስቀመጥኩበት ቦታ። አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ ጨዋታ አዋቂ እህትሽ፣ በመጨረሻ የገዛ ልጇን "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?" ትላት የነበረችው። ለተዋናይት ቃል ማለት ለአናጺ እጁ ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም፤ ቃል ከከዳኝ ምን ሆኜ ልኑር? ፈራሁ፣ እማዬ። ለማንም ሳልተነፍስ ብቻዬን ፈራሁ።

በዚያ ላይ አዘጋጃችን ለአዲሱ ተውኔት ባል አድርጎ የሰጠኝ ማንን መሰለሽ? አፈ ቀላጤዬን! መቼም ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ "ሻይ ትጠጫለሽ?" ብለሽ እኔን ስትጠይቂኝ "አትጠጣም፣ ጨጓራዋን ያማታል" ብሎ እሱ የመለሰልሽ ጊዜ። የተለያየነውስ በዚሁ አይደል? ከአፌ ላይ ቃል እየነጠቀ፣ የምወደውንም የምጠላውንም እሱ እየተናገረልኝ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ከተፋታን ወዲህ ሆድና ጀርባ ነን። አንድ ቴአትር ቤት እየሠራን ሰላምታ እንኳ የለንም። የግድ ሲሆን መልእክተኛችን የአልባሳት ክፍሏ ሴትዮ ናት። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ "ቀሚሷን ሰብሰብ ታድርገው በያት፣ እየረገጥኩባት ነው" ይላታል። እኔም "እሱ አስቀድሞ ኮሌታውን ያስተካክል በይው" እላለሁ። እሷ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ሁለታችንንም ትገላምጠናለች።

አንድ እሁድ ከሰዓት ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እየወለወልኩ፣ በሩ ላይ ለቆመው ባሌ፣ "ልጃችን አይመጣም፤ በሩን ዝጋውና ግባ" ማለት አለብኝ። ተውኔቱ በሙሉ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ። ባዶ! ሳህኑን ወለወልኩት። ገልብጬም ወለወልኩት። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማኛል፤ የምለው ግን የለኝም። በቃ አለቀልኝ ብዬ ሳህኑን ላስቀምጥ ስል ያ አፈ ቀላጤ ከበሩ ዘወር አለ። "የምትይኝን አውቃለሁ" አለ። "ልጃችን አይመጣም፣ በሩን ዝጋውና ግባ ልትይኝ ነው። ግን ከአንቺ አፍ ካልሰማሁት አልዘጋውም።" ይሄ ተውኔቱ ላይ የለም፤ ከራሱ ያመጣው ነው። ቃሌ ተመለሰልኝ። እያለቀስኩ ተናገርኩት፤ አዳራሹም አብሮኝ አለቀሰ። እነሱ ለልጁ፣ እኔ ለራሴ።

መጋረጃው ሲዘጋ አዘጋጁ እየሮጠ መጣ። ጉድ ፈላ፣ ተነቃብኝ ብዬ ስጠብቅ "ሳትነግሩኝ ትለማመዳላችሁ? እንዲሁ ይቀጥል!" ብሎ ሁለታችንንም አቀፈን። ያ ሰውም ትንፍሽ አላለም። ብቻ በማግስቱ የአልባሳቷ ሴትዮ መጥታ "ነገ ጠዋት ሐኪም ቤቱ በር ላይ እጠብቃታለሁ ብሎሻል። እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ መልእክት አላደርስም ብያለሁ" አለችኝ።

ሄድኩ። ሐኪሟ "ምን ይሰማሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። ያ ሰው አጠገቤ ተቀምጧል። ይኸው ሊመልስልኝ ነው ብዬ በቆረጣ አየሁት። እውነትም አፉን ከፈተ። ከዚያ ያደረገውን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ አፉን በመዳፉ አፍኖ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰው ዝም ለማለት እንዲህ ሲታገል አይቼ አላውቅም፤ እስከ ጆሮው ቀልቷል። አንጀቴን በላው። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ፣ የአክስቴን ነገር ጭምር፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ።

ደሜንም ጭንቅላቴንም መረመሩኝ። የአክስቴ ዓይነት አይደለም፣ እማዬ። አይደለም! ብርቱ የደም ማነስ ነው፤ በፍርሃት እንቅልፍ ማጣቴም አባብሶታል። "ቃሉስ?" ስላት ሐኪሟ ሳቀችና "ይመለሳል" አለችኝ። ኪኒኔን እየዋጥኩ ነው፣ ቃሉም እየተመለሰ ነው። ያለፈው እሁድ አንድም ሳይጠፋኝ ጨረስኩ። ያቺ ቦታ ላይ ስደርስ ግን አሁንም ሆን ብዬ ትንሽ ዝም እላለሁ።

የዚያን ዕለት ውጤቱን ሰምተን ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጠይቆም ዝም አለ። ወትሮ ቢሆን መልሱንም አያይዞ ይነግረኝ ነበር። ሰው ይወጣል፣ ይገባል፤ አውቶቡሳችን መጥቶ ሄደ፤ እሱ ይጠብቃል። መልሱን ራሴ ተናገርኩ። አንድም ቃል አልጠፋኝም።

ተውኔቱ ሲያበቃ እረፍት አለን፤ እመጣለሁ። ለእኔ ብለሽ ሳሎኑን እንዳታመሰቃቅዪው፤ የኋለኛው ክፍል ሰፊ አልጋ ይበቃል። ትራስ ብቻ ጨመር አድርጊ፤ ተኝቶ የሰው ትራስ የሚጎትት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ።

እስከዚያው ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። የእሱንም ሰላምታ እዚሁ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ሳልጠይቀው ስለ እሱ መናገር ግን ደስ አላለኝም። መጥቶ በገዛ አፉ ይበልሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ