ሳልሰማህ እሺ ያልኩበት ቀን

ውድ ወንድሜ፣

ቁስልህ እየጠገገ መሆኑን ሚስትህ ነግራኛለች። ድምፅህ እንደማይመለስ ሐኪሙ መናገሩንም አልደበቀችኝም። ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በኮምፒውተር ካወራኸኝ ውስጥ አንዲት ቃል አልሰማሁም።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ለዚያች ጥሪ ስል ነበር። መመሪያውን ደጋግሜ አንብቤ፣ ድምፅ ማጉያውን ራሴ ሰክቼ፣ በዋዜማው ሙዚቃ ከፍቼ ሞክሬዋለሁ። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ ተመስገን ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ፊትህ ስክሪኑን ሲሞላው ግን ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። መደናገጤን እንዳትሰማ የማይክሮፎኑን ገመድ ነቀልኩና ስልኬን ጆሮዬ ሥር ሸጉጬ ኮምፒውተሩን ለሸጠልኝ ባለሱቅ ደወልኩ።

«እማማ፣ አጥፍተው ያብሩት።»

«ወንድሜ እያወራኝ እንዴት ላጥፋው? ሌላ መድኃኒት የለህም?»

«ትላንት ሙዚቃው ሠርቷል አላሉኝም?»

«ሠርቷል።»

«እንግዲያው ድምፅ የሚያወጣው ካርድ ደህና ነው። ሁለት የድምፅ ካርድ ነው ያለው፤ አንዱ አብሮት የተሠራ፣ አንዱ እኔ የጨመርኩልዎ። መደወያው ፕሮግራም ድምፁን ምንም ወዳልተሰካበት እየላከው ነው። ቅንብር የሚለውን ይክፈቱና ይቀይሩት።»

«አንዱ አይበቃኝም ነበር?»

«ለጥራት ብዬ ነዋ።»

«ጥራቱ ይቅርብኝና ወንድሜን አሰማኝ።»

ቅንብሩን ስከፍተው ገጹ ፊትህን ሸፈነው። ላነበው ሞከርኩ፣ ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። ከጀርባው አንተ አለህ፤ እየተናገርክ ነው፤ እኔ ደግሞ አላይህም። ዘጋሁት። ስልኩንም ዘጋሁት።

አንገትህን በእጅህ ይዘህ ነበር። ሥሩ ተገታትሯል። ጥቂት ትልና ምራቅህን ትውጣለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ነርሷ ከኋላህ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። በዚያ ጉሮሮ የወጣውን ሁሉ እንደገና በለው ልልህ አቃተኝ። ባሌ ከደጃችን ሲያባርርህ በሩ ጀርባ ቆሜ ዝም ማለቴን አንተም እኔም እናውቀዋለን። እሱ ከሞተ በኋላ እንኳን አላነሳኸውም። አሁን ታነሳው ይሆን እያልኩ ከንፈርህ ላይ አፈጠጥኩ። አንድ ጊዜ ሳቅህ። አንድ ጊዜ ዓይንህን ጠረግህ። በመጨረሻ «እታለም» ማለትህን ከከንፈርህ ለየሁትና ቅንድብህን አንስተህ ስትጠብቀኝ አየሁ። የምትጠብቀው መልስ ነው። እሺ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ፊትህ ፈካ፤ ወዲያው ጥሪው ተቋረጠ።

ቅንብሩን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የመሞከሪያው ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲጮህብኝ ኮምፒውተሩን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ትላንት ሚስትህ ደወለች። «ትመጣለች፣ እሺ ብላኛለች እያለ ሲጽፍ ወረቀት ይጨርሳል። ክፍልሽን ቀለም አስቀብተንልሻል። አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለችኝ። ለካ ራሴን የነቀነቅኩት ከእናንተ ጋር ልኖር ኖሯል። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ።

ያን ቀን እሺ ያልኩህ በጭፍን ነበር። ይህን አንብበህ አሁንም ከፈለግኸኝ፣ ዛሬ አውቄ እሺ እላለሁ። ስለዚያ በር የተናገርከው ካለ ግን አልሰማሁትም፤ ሚስትህንም አልጠይቃትም። ስመጣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ጻፈው። መራራም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ራሴን የምነቀንቀው ግን ሲገባኝ ብቻ ነው።

መልስህን እየጠበቅኩ ነው፤

እህትህ